ጋሽ አንጁሎ ጀልባውን ከማስነሳቱ በፊት

ጋሽ አንጁሎ ማረፉን የነገረችኝ ልጄ ምሕረት ናት። ያውም በስልክ፣ ያውም ከሩቅ በረሃ። እኔ እዚሁ ጫኖ፣ ሐይቁ አጠገብ ቁጭ ብዬ አልሰማሁም፤ እሷ አገር አቋርጣ ሄዳ ሰማች። የሰውየው ሴት ልጅ ደውላላት ነው፤ ከተዋወቁ ወዲህ ይደዋወላሉ።

«እማዬ፣ ተቀምጠሻል?» አለችኝ።

«ሙዝ እየለየሁ ነው። ምነው?»

«ጋሽ አንጁሎ አርፏል። ሦስት ቀን ብቻ ነው የታመመው አሉ።»

መጀመሪያ ከአፌ የወጣው «ውሃ ላይ ነው?» የሚል ነበር።

«አይ፣ አልጋው ላይ።»

ምን ልበላችሁ፣ ደስ አለኝ። ሰው ሞተ ተብሎ ደስ ይላል? ግን ዕድሜውን ሙሉ ዓባያ ሐይቅ ላይ ሰው ሲያሻግር የኖረ ሰው በደረቅ መሬት፣ በገዛ አልጋው ማረፉ፣ ውሃው ራሱ አክብሮ ወደ ቤቱ የሸኘው መሰለኝ። ከዚያ ሙዙን ትቼ አለቀስኩ።

ይሄን ሰው የማውቀው አምስት ቀን ብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሃያ ዓመት አብሬያቸው የዘመርኩ ሰዎች አሉ፤ ድምፃቸውን አስታውሺ ብባል አላስታውስም። የእሱን ግን ዛሬም ጓሮ ስቆም እሰማዋለሁ። ዝግ ያለ፣ ከጉሮሮ የሚወጣ፣ ሴትና ወንድ የማይለይ አማርኛ ነበረው። ባሌን «ነይ፣ ተቀመጪ» ይለው ነበር። ባሌ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፣ ኮስታራ ነው፤ ግን ሄዶ ይቀመጥ ነበር።

ነገሩ ሁለት ዓመት ይሆነዋል። ትልቁ ልጄ ብሩክ ሐዋሳ ነው የሚሠራው። የዓመት ፈቃድ ወስዶ መጣና አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ «ዘንድሮ ሁላችንም ለዕረፍት ደሴት እንሄዳለን» አለ።

«የምን ዕረፍት?» አለ አባቱ።

«ሰው እኮ ቤተሰቡን ይዞ ይዝናናል አባዬ። ዓባያ መሀል ደሴቷ ላይ እናድራለን፤ በየቀኑ በጀልባ እየወጣን እንጎበኛለን። አንድ ቀን ወፍ፣ አንድ ቀን ጉማሬ፣ አንድ ቀን ፍል ውሃ።»

«ጉማሬው እዚህ ድረስ መጥቶ ማሳችንን እየበላ፣ እኛ ደግሞ ቤቱ ሄደን ልንጠይቀው ነው?»

ብሩክ ሳቀ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ምሕረት ከቤት ትውጣ ብዬ ነው» አለ።

ምሕረት ታናሽ እህቱ ናት። ያን ጊዜ ከዩኒቨርሲቲ ከተመረቀች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። ሥራ ፍለጋ ከማስታወቂያ ሰሌዳ ወደ ማስታወቂያ ሰሌዳ ስትዞር ጫማ ጨርሳለች። ወደ መጨረሻው ላይ መዞሩንም ተወችው፣ ሰው ማናገሩንም ተወችው፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታ ትውላለች። እኔም ለእሷ ስል እሺ አልኩ።

እኔ ውሃ እፈራለሁ። የተወለድኩት ገረሴ ነው፣ ደጋ። ከዚያ ላይ ሆነው ሲያዩት ሐይቁ ከሰማይ ተቆርሶ የወደቀ ነገር ይመስላል። እናቴ «ውሃ ከሩቅ ሲያዩት ነው የሚያምረው» ትል ነበር። አግብቼ ቆላ ከወረድኩ ጀምሮ አንድ ቀን እግሬን አስነክቼው አላውቅም። የምፈራው ደግሞ ውሃ ብቻ አይደለም። መኪና እፈራለሁ። የማላውቀው ስልክ ሲጮህ እፈራለሁ። ልጅ ከደጅ ሲዘገይ እየወጣሁ መንገዱን አያለሁ። እንዲህ ሆኜ ነው ያደግኩት፤ ምን ላድርግ።

ምዕራብ ዓባያ ደርሰን ወደ ሐይቁ ዳር ስንወርድ ገና ማለዳ ነበር። ውሃው ቀይ ነው፣ የሸክላ አፈር በጥብጠው ያስቀመጡት ይመስላል። ጭጋጉ ስላልተነሳ ውሃው የት እንደሚያልቅ፣ ሰማዩ የት እንደሚጀምር አይለይም። ደሴቷ ከውሃው ተነቅላ አየር ላይ ቆማለች። ከጭጋጉ ውስጥ አንድ ረጅም ሰውዬ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ የሹራብ ቆብ አድርጎ ወደ እኛ መጣ። አንዱ ትከሻው ከሌላው ዝቅ ይላል፣ ከቀዘፋ ብዛት ነው አሉ። የእግሩ ጣቶች እንደ እጅ ጣት የተራራቁ ናቸው። ሲያይህ ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል፣ አጠገቡ ቆመህ እንኳ ከሩቅ እንደምትመጣ ዓይነት።

እኔን ዓይቶ ቆመ። ብሩክ ካመጣቸው የመንሳፈፊያ ላይፍ ጃኬቶች ሁለቱን ደርቤ ለብሼ ነበር።

«ሁለት ነው የለበስሽው?» አለኝ።

«አንዱ ቢበላሽ ብዬ» አልኩት።

ልጆቼ ሳቁብኝ። እሱ አልሳቀም። ሄዶ ሦስተኛ አመጣና የምቀመጥበት ቦታ ላይ አነጠፈልኝ።

ሁላችንም ገባን። የጀልባዋ ገመድ ዳር ላይ ካለ ጉቶ ጋር ታስሯል። ጋሽ አንጁሎ ገመዱን ይፈታል ስንል ጉቶው ላይ ቁጭ አለ። የጥርስ መፋቂያውን ከኪሱ አወጣ።

«እህ» አለ። «ማን ከማን ጋር ተጣልታለች?»

«ማንም አልተጣላም ጋሼ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ እንሂድ» አለ ብሩክ።

«አልቸኩልም እኔ። ሙዝ ስጭን ስንት ዘለላ ነው እላለሁ። ሰው ስጭንም እጠይቃለሁ። ቂም ያለው፣ የደበቀው ነገር ያለው፣ እዚህ ደረቅ ላይ ይናገራል። ከዚያ እሄዳለሁ።»

ባሌ ፊቱ ተለወጠ። በእኛ በጋሞ አገር ጎሜ የሚባል ነገር አለ፤ የተደበቀ በደል ማለት ነው። አባቶቻችን ሰው ሲታመም፣ ዝናብ ሲጠፋ፣ «ማን ምን ደብቆ ነው?» ብለው ተቀምጠው ይጠያየቁ ነበር። እኛ ወንጌል ከተቀበልን ወዲህ ትተነዋል።

«ይሄ ጎሜ ነው» አለ ባሌ። «የድሮ ነገር ነው። እኛ ጌታን የተቀበልን ሰዎች ነን።»

«እኔም ተቀብያለሁ» አለ ጋሽ አንጁሎ፣ ጥርሱን እየፋቀ። «ጌታ ማዕበሉን ዝም በል ይለዋል፣ ዝም ይላል። እኔ ዝም በል ስለው አይሰማኝም። ስለዚህ ቀድሜ እጠይቃለሁ።»

መጀመሪያ የተናገረው ብሩክ ነው፣ ለቀልድ ብሎ። «እሺ፣ አባዬ፣ ተማሪ እያለሁ ሞተር ሳይክልህን ያጋጨሁት እኔ ነኝ። በግ ገባብኝ ያልኩህ ውሸት ነው።»

«አውቃለሁ» አለ አባቱ። «የበጉን ባለቤት ሳምንት ሙሉ ፈልጌ አጣሁት።»

ሳቅን። ሳቁ አባቱን ፈታ አደረገው መሰለኝ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «እኔ ደግሞ... ሐኪሙ የከለከለኝን ጨው እበላለሁ። ማሳ ላይ ደብቄ» አለ።

«የብሩክ አባት!» አልኩ።

«ትንሽ ነው። ለበቆሎ ብቻ።»

ተራው የምሕረት ሆነ። ከቤት ከወጣን ጀምሮ አልተናገረችም። ውሃውን እያየች፣ «እኔ የደበቅሁት የለም። ግን ተናድጃለሁ። በማን እንደሆነ አላውቅም። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ሰው አልጠራኝም» አለች።

ጋሽ አንጁሎ ራሱን ነቀነቀ። «ይሄ ከባድ ነው። አንቺ መሀል ተቀመጪ» አላት፣ ልክ ጭነት እንደሚያስተካክል። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«እኔ ምንም የለኝም» አልኩ።

ነበረኝ። ያ ቀን ከመምጣቱ ዓመት ቀደም ብሎ ምሕረት ስልኳን ቻርጅ ላይ ሰክታ ወንዝ ወርዳ ሳለ ስልኩ ጮኸ። አነሳሁት። ከአንድ መሥሪያ ቤት ነው፣ ለሥራ አልፋለች፣ በዚህ ቀን ሪፖርት ታድርግ አሉኝ። የት ነው ስል የማላውቀው በረሃ ስም ጠሩልኝ፣ ሦስት ቀን የሚያስኬድ። መንገዱ ጥሩ አይደለም የሚባልበት ጊዜ ነበር። ልጄ ብቻዋን አውቶቡስ ውስጥ ታየችኝ፣ በረሃ ለበረሃ። ምላሴ ከእኔ ቀድሞ ሄደ። «አግብታለች» አልኳቸው። «አግብታ ሄዳለች፣ ሥራ አትፈልግም።» ሴትዮዋ «መልካም ጋብቻ» ብላ ዘጋችው። ምሕረት ስትመለስ የማታውቀውን ቁጥር ዓይታ «ማን ነው?» ስትለኝ «ተሳስተው ነው» አልኳት። ከዚያ ወዲያ ሰሌዳ ለሰሌዳ ስትዞር እያየሁ፣ እግሯን አጥቤላት አውቃለሁ።

ጋሽ አንጁሎ ረጅም ጊዜ አየኝ። «አንቺ እኔ አጠገብ ተቀመጪ» ብቻ አለኝና ገመዱን ፈታው።

መሀል ሐይቅ ስንደርስ ሁለቱንም የጀልባ ጠርዝ ይዤ እንቀጠቀጥ ነበር። ባሌ «አይዞሽ፣ አትፍሪ» አለኝ። ጋሽ አንጁሎ ተቆጣው። «ለምን አትፍሪ ትያታለሽ? ጥልቅ ነው፣ አዞ አለው። ትፍራ።» ወደ እኔ ጎንበስ አለ። «ፍሪ። ፈርተሽ ተቀመጪ። የማይፈራው ነው ተነስቶ እየቆመ የሚገለብጠኝ።» በዕድሜዬ ፍሪ ያለኝ ሰው እሱ ብቻ ነው። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ መንቀጥቀጤ ቀነሰልኝ።

እንደ ህልም ነው የማስታውሰው ከዚያ ወዲያ ያለውን። ደሴቷ ላይ ያደርነው እሱ ግቢ ነው፣ ለእንግዳ በሸምበቆ ከሠራቸው ጎጆዎች ውስጥ። ጠዋት ስንነቃ ሐይቁ በር ላይ ተኝቶ ይጠብቀናል። ሚስቱ ከበቆሎ ዱቄት የሚቀቀለውን ኩርኩፋ ከሀለኮ፣ ማለትም ከሽፈራው ቅጠል ጋር ታቀርብልናለች፣ ዓሣ ትጠብስልናለች፤ በልተን በጀልባ እንወጣለን። ጋሽ አንጁሎ ከመነሳታችን በፊት እጁን ውሃ ውስጥ ነክሮ የማጅራቱን ሥር ይነካል፤ ነፋስ በየት እንደሚመጣ በዚያ ያውቃል። ከዚያ በደሴቷ ዳር ባለው ሌላ ጉቶ ላይ ተቀምጦ «እህ» ይላል። ልጆቼ ነገሩን ጨዋታ አደረጉት። ማታ የማን ብርድ ልብስ ማን እንደሳበ፣ ትልቁን ዓሣ ማን እንዳነሳ ይከሳሰሳሉ። እኔ ጋ ሲደርስ «የለኝም» እላለሁ። እሱ አጠገቡ ያስቀምጠኛል።

መሀል ሐይቅ ላይ ሞተሩን ያጠፋዋል። «ስሙ» ይላል። ምኑን እንደምንሰማ አይናገርም። ዝም እንላለን። ትልልቅ ነጫጭ ወፎች ያለ ድምፅ በላያችን ያልፋሉ፣ ጥላቸው በፊታችን ላይ ይሄዳል። ጀልባዋ የምትሄድ አይመስልም፤ ዳርቻው ነው ቀስ ብሎ የሚያልፈን። ሩቅ ላይ የጋሞ ተራሮች ሰማያዊ ሆነው ይታያሉ፤ የእኔ ገረሴ ከእነሱ በአንዱ ጀርባ ናት። ልጅ ሆኜ ከዚያ ላይ ይሄን ውሃ ሳይ ማን እዚያ ውስጥ ይኖራል እል ነበር። አሁን እኔ ነኝ ውስጡ ያለሁት። እዚያ ላይ የቆመች አንዲት ልጅ ወደ ታች እያየችኝ መሰለኝ። ዓይኔን ስገልጥ ምሕረት ትስቃለች። ብሩክ ጉማሬ ሲያስነጥስ አስመስሎ ነው። ከስንት ወር በኋላ ሳቋን ሰማሁ፤ ያን ስልክ አስታውሼ ዓይኔን ወደ ውሃው መለስኩ።

ሦስተኛው ቀን ፍል ውሃ ሄድን። ከደሴቷ ራቅ ያለ ዳርቻ ላይ ነው፣ ከድንጋይ ሥር እየፈላ ይወጣል። እግራችንን ነክረን፣ እንፋሎቱ ውስጥ ተጋድመን፣ ሰዓቱን ረሳነው። ጋሽ አንጁሎ ሁለት ጊዜ «እንነሳ» አለን፤ ባሌ «ጉልበቴ እየተሻለው ነው» ብሎ አስቆየን። ስንመለስ ነፋሱ ተነሳ። ቀዩ ውሃ እንደ በሬ ትከሻ እየተነሳ መጣ። ጀልባዋ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች። ውሃው ፊቴን መታኝ። በልቤ «በእኔ ነው፣ በእኔ ምክንያት ነው» እያልኩ የጀልባዋን ጠርዝ አንቄ ያዝኩ። ጋሽ አንጁሎ መሪውን ይዞ በአፍንጫው አንድ ዜማ ያዜማል፣ ላም የሚያልብ እንጂ ሞት የከበበው ሰው አይመስልም። እንዴት እንደደረስን አላውቅም። ደረስን።

ሌሎቹ ልብሳቸውን ሊቀይሩ ሄዱ። እኔ አሸዋው ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። መጣና አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

«ነፋሱ ያንቺ አይደለም» አለኝ። «ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ ይነሳል። ያዘገየው ባልሽ ነው። ሌላ ነገር እንዳታስቢ።»

ያሰብኩትን በምን አወቀ? «ታዲያ ጎሜ ካልሆነ ለምን ትጠይቃለህ?» አልኩት።

«ነፋስ ሲነሳ ሰው እርስ በርስ መያያዝ አለበት። የተያያዘ ሰው አንድ ላይ ያዘነብላል፣ አንድ ላይ ይመለሳል፤ ጀልባው ይቀለኛል። ቂም ያለው፣ የደበቀ፣ አይያያዝም። አንዱ ወደዚህ፣ አንዱ ወደዚያ።» አሸዋውን በጣቱ ጫር ጫር አደረገ። «ዛሬ ልጅሽ እጇን ዘረጋችልሽ። አየሁ። አንቺ እንጨቱን ያዝሽ።»

እኔ አላየሁም ነበር። እውነት፣ አላየሁም።

በማግስቱ ወደ ቤት የምንመለስበት ቀን ነው። ዕቃችን ተጫነ፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። ጋሽ አንጁሎ ጉቶው ላይ ተቀመጠ። «እህ» ከማለቱ በፊት ተናገርኩ። ስልኩን፣ በረሃውን፣ «አግብታለች» ማለቴን፣ «ተሳስተው ነው» ማለቴን፣ ሁሉንም። ምሕረትን እያየሁ አልነበረም። ጫማዬን እያየሁ ነው የተናገርኩት።

መጀመሪያ ብሩክ ነው የጮኸው። «አግብታለች አልሻቸው? እማዬ! አግብታለች?»

ባሌ «አንቺ ሴት...» ብሎ ቀረ።

ምሕረት ከጀልባዋ ወረደች፣ ውሃው ጉልበቷ ድረስ ነው፤ እየረገጠች ወጥታ፣ ቀሚሷ እየተንጠባጠበ፣ ወደ ደሴቷ ሌላኛው ጫፍ ሄደች። ልከተላት ተነሳሁ። ጋሽ አንጁሎ ክንዴን ያዘኝ።

«ተያት» አለ። «ደሴት ናት። የት ትሄዳለች?»

ገመዱን ደግሞ አጠበቀው። ብሩክ «ጋሼ፣ እኔ ነገ ሥራ አለብኝ» ሲለው፣ «ሐይቁ ሥራ የለበትም» ብሎ ዕቃችንን ማውረድ ጀመረ። «ትናንት እናት ነበረች የከበደችኝ። ዛሬ ልጅ ናት። እሷ ካልተናገረች አልሄድም።»

ያ ቀን የዕድሜዬ ረጅሙ ቀን ነው። ባሌ አላናገረኝም። ብሩክ ስልኩን ይዞ ኔትወርክ ፍለጋ ይዞራል። እኔ ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ፣ ጋሽ አንጁሎ መረቡን አምጥቶ አጠገቤ መስፋት ጀመረ። አላጽናናኝም። መረቡን አንዱን ጫፍ እንድይዝለት ሰጠኝ፣ ያዝኩ። ብርሃኑ በመረቡ ቀዳዳ እየገባ እጄ ላይ ትንንሽ አራት ማዕዘን ይሠራል፤ ነፋስ ሲነካው ሁሉም ባንድ ላይ ይንቀሳቀሳሉ። የሐይቁ ድምፅ ይመጣል፣ ይሄዳል። አንዳንዴ የተኛሁ ይመስለኛል፣ ምሕረት ሕፃን ሆና በጀርባዬ ያለች ይመስለኛል፤ ስዞር ማንም የለም።

«ይቅር ትለኝ ይሆን?» አልኩት።

«አላውቅም» አለ። «እኔ ጀልባ ነው የምነዳው።»

ቆይቶ እንደገና፣ «ሥራው እኮ አልፏል። በንግግሬ ምን ተመለሰ?»

ክሩን በጥርሱ በጠሰው። «እሷ ሁለት ዓመት ማንም አልጠራኝም ብላ ነው የተኛችው። ተጠርታ እንደነበር ዛሬ አወቀች።»

ይሄን አላሰብኩትም ነበር። ስለ ራሴ በደል ነበር ያሰብኩት እንጂ፣ እሷ ራሷን እንደማትረባ ቆጥራ ግድግዳ ማየቷን፣ ያን ግድግዳ የሠራሁት እኔ መሆኔን አላሰብኩም።

ከሰዓት በኋላ ዓሣ በቅጠል ጠቅልሎ ወደ ምሕረት ሄደ። ሲመለስ ሮጬ «በላች?» አልኩት።

«ዓሣውን በላች። አጥንቱን በእኔ ላይ ወረወረች።» የቆቡን ጫፍ እያራገፈ ነበር። «ጥሩ ትወረውራለች።»

ማታ ምሕረት መጥታ ከጋሽ አንጁሎ ሚስት ጋር ተኛች። ጠዋት ዳር ስንወርድ ቀድማን ጀልባ ውስጥ ተቀምጣ አገኘናት፣ ፊቷን ወደ ሐይቁ አድርጋ። ዓይኗ አብጧል። እኔ ላይፍ ጃኬት አንድ እንኳ መልበስ ረስቼ ነበር፤ ብሩክ ነው ያለበሰኝ።

ጋሽ አንጁሎ ጉቶው ላይ ተቀመጠ። መፋቂያውን አላወጣም።

«እህ፣ ልጄ?»

«ይቅር አላልኳትም» አለች ምሕረት። ሳትዞር ነው። «ይቅር ብያለሁ ብል ውሸት ነው። መቼ እንደምል አላውቅም።»

ባሌ ተቆጣ። «እናትሽ ናት! በእግዚአብሔር ቃል...»

«ዝም በዪ አንቺ» አለው ጋሽ አንጁሎ። ማንም አልሳቀም።

ምሕረት ያኔ ዞረች። አየችኝ። «ግን ነፋስ ቢነሳ፣ ብትወድቅ፣ እይዛታለሁ» አለች።

ጋሽ አንጁሎ ተነሳ። «ይበቃኛል» አለ። ገመዱን ፈታው። ዕቃውን አስተካከለ፣ ባሌን ወደ ኋላ አዛወረ፣ ብሩክን ወደ ግራ። እኔን ክንዴን ይዞ ወስዶ ምሕረት አጠገብ አስቀመጠኝ፤ ከዚያ በፊት አንድ ቀን ከጎኑ አንስቶኝ አያውቅም።

ነፋስ አልተነሳም። ሐይቁ ዘይት መስሎ ተኝቷል። እስከ ማዶ ድረስ ትከሻዋ ትከሻዬን ሳይነካ ሄድን፤ ሙቀቷ ግን ይሰማኝ ነበር። ምዕራብ ዓባያ ወርደን ስንሰናበት ለጋሽ አንጁሎ ምን እንደምለው ጠፋኝ። እጁን ልስመው ጎንበስ ስል እጁን ነጥቆኝ፣ «ሌላ ሰው እየጠበቀኝ ነው» ብሎ ወደ ጀልባው ተመለሰ። ዞሬ ሳየው ጉቶው ላይ ተቀምጧል፣ ሁለት የሙዝ ነጋዴዎች ፊቱ ቆመው ይጨቃጨቃሉ። አይቸኩልም ነበር። ከዚያ በኋላ አላየሁትም።

ምሕረት ወር ሙሉ ከሰላምታ በላይ አላናገረችኝም። ግን ግድግዳ ማየቷን ተወች። ያንን መሥሪያ ቤት ራሷ ደወለችላቸው። «አላገባሁም» አለቻቸው፤ እኔ ወጥ እያማሰልኩ ሰማሁ፣ ከሀፍረት የምገባበት ጠፋኝ። ቦታው በሌላ ሰው ተይዞ ነበር። ሌላ ቦታ እንድትወዳደር ነገሯት። ተወዳደረች። አለፈች። ከመጀመሪያውም የራቀ በረሃ ነው።

የሄደች ዕለት አርባ ምንጭ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። ሻንጣዋን ረዳቱ ጣራ ላይ ሲያስር ቆመን እናያለን። አፌን ከፈትኩ።

«ምሕረት፣ ፈርቻለሁ» አልኳት። «ከትናንት ጀምሮ የማስቀሪያ ሰበብ ስፈልግ ነው ያደርኩት። አባትሽ ታሟል ልልሽ አስቤ ነበር።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ታዲያ ለምን አላልሽም?»

«እየነገርኩሽ እኮ ነው።»

«እኔም ፈርቻለሁ እማዬ» አለችኝ። «ሌሊቱን አልተኛሁም።» ሁለታችንም እዚያ ግርግር መሀል፣ ሰው እየገፋን፣ ፈርተን ቆምን። ረዳቱ «የሚሳፈር ግባ!» ብሎ ሲጮህ ጉንጬን ስማኝ ገባች።

አውቶቡሱ መንቀሳቀስ ሲጀምር መስኮቱን ከፈተች። «ስደርስ እደውላለሁ!»

«እሺ፣ ልጄ!»

«እማዬ! ሌላ ሰው ቢደውል ደግሞ አግብታለች እንዳትያቸው!»

አውቶቡሱ ውስጥ ያሉት ሰዎች ምኑ እንደሆነ ሳያውቁ አብረዋት ሳቁ። በዚያ ነገር ስትቀልድ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው። አውቶቡሱ ታጥፎ ከዓይኔ እስኪጠፋ ሳቋ ይሰማኝ ነበር፤ እኔም መናኸሪያው መሀል ብቻዬን ቆሜ፣ እንባዬን እየጠረግኩ፣ እስቅ ነበር።